አሥራ አንድ ኮንቴይነር በፌስታል

ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ እንደ መቀመጥ ያለ ጤና የለም። ይህን ያወቅሁት ዝም ብዬ ተቀምጬ አይደለም፤ ተናግሬ ነው።

የምሠራው ቃሊቲ ነው፤ ተሳቢ መኪኖች ከሚተራመሱበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የጫጩት ማስፈልፈያ ድርጅት ውስጥ። የሥራ መደቤ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባላል። ስሙ ያምራል። ሥራው ግን በአብዛኛው ፕሪንተር የዋጠውን ወረቀት ማስተፋት፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ማጽናናት፣ ኮምፒውተሩ አልበራ ላለው ደግሞ ሶኬቱን ሰክቶ «አሁን ይሞክሩት» ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው ውስጡ አንድ ነገር ይጠራቀምበታል። እኔ ውስጥ የተጠራቀመው ትልቅ ነገር የመሥራት አምሮት ነበር፤ አምሮት ደግሞ እርጉዝ ያልሆነ ሰው ላይ ሲወጣ አደገኛ ነው።

የድርጅታችን ችግር እንዲህ ነበር። እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉባቸው ስድስት ትልልቅ ማሽኖች አሉን፤ እያንዳንዳቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ያህላሉ። ሙቀታቸውን የሚለኩ ሴንሰሮች ተገጥመውላቸዋል። ሴንሰሮቹ የለኩትን በኢንተርኔት ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ ያ ኮምፒውተር «ሙቀቱ በዝቷል» ብሎ ከፈረደ እዚህ ቃሊቲ ደወል ይጮኻል። ተከሳሹ ቃሊቲ፣ ዳኛው ባሕር ማዶ ማለት ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን ፍርዱ በሰዓቱ ይደርሳል። በሌለበት ቀን ግን ዳኛው አይሰማ፣ ተከሳሹ አይናገር። አንድ ጊዜማ ደወሉ ጮኾ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሲሮጥ፣ የተደወለው ከትናንት በስቲያ ለነበረ ሙቀት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ በሰኞው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን «ለዚህ ነገር ምን ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዝም ማለት እየቻልኩ እጄን አወጣሁ።

«ስሌቱ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሠራ» አልኩ። «አንድ አነስተኛ መሣሪያ ላይ የኮንቴይነር ክላስተር እተክላለሁ። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረ ደወሉ ይሠራል።»

አቶ ጌታሁን በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የማያውቁትን ቃል ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምራሉ። አሰመሩ።

«ስንት ኮንቴይነር?»

«ለጊዜው አሥራ አንድ።»

«ግቢያችን ይበቃል?»

«በደንብ። ቦታ አይፈጅም።»

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አድናቆት መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ መሣሪያዬን በፌስታል አድርጌ ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ መጣሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዳቦ መስሏቸው «ትኩስ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና አልበራም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ቃሊቲ ድረስ በመስኮት በኩል ብቻ አዩ።

የድርጅቱን በር አልፌ ስገባ ግቢው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዓመት ዓመት ተቆልሎ የኖረው የመኖ ጆንያ የለም፤ የተሰበረው ጋሪ የለም፤ የአሮጌ ትሪው ክምር የለም። መሬቱ ተጠርጎ በኖራ ተሰምሮበታል። መሐሉ ላይ ጋሽ ነስሩ ሜትር ይዘው ቆመዋል።

ጋሽ ነስሩ የመጋዘን ኃላፊያችን ናቸው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋ ከመቀጠራቸው በፊት ሳሪስ አቦ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። አንዲት ብሎን ያለ ቦታዋ ካደረች ምግብ የማይረጋላቸው ሰው ናቸው።

«መጣህ?» አሉኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሳስጸዳ ነው የከረምኩት። ስድስቱ በዚህ፣ አምስቱ በዚያ በኩል ይቀመጣሉ። ተሳቢው ግን በዋናው በር አይገባም፤ እዚህ ጋ አጥሩን ማፍረስ ሊኖርብን ነው። ክሬኑ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

በኖራ የተሰመሩትን አራት ማዕዘኖች ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

«ጋሽ ነስሩ፣ ክሬን የለም።»

«ታዲያ በምን ሊወርድ ነው?»

ፌስታሉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «ኮንቴይነሮቹ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«አሥራ አንዱም?»

«አሥራ አንዱም።»

ጋሽ ነስሩ ፌስታሉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ አጥሩን አዩ። «እኔ ቃሊቲ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ኮንቴይነር ሱቅ ሲሆን አይቻለሁ። ቤት ሲሆን አይቻለሁ። ቢሮ ሲሆን አይቻለሁ። ወላሂ፣ በፌስታል ሲገባ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

አልተቆጡም። ሣጥኑን አስወጥተው በሜትራቸው ለኩት፤ ሁለት ስንዝር አልሞላም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እስካሁን ለምን እንደጻፉት አልነገሩኝም።

እናንተም እንደ ጋሽ ነስሩ ክሬን እንዳትጠብቁ በአጭሩ ላስረዳ። እኛ ኮንቴይነር የምንለው አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ መያዣ ነው፤ ምሳውን፣ ውሃውንና ማንኪያውን ቋጥሮ ከቤት እንደሚወጣ ሠራተኛ፣ የትም ብታስቀምጡት «ጨው የለም» ብሎ አያስቸግርም። ክላስተር ደግሞ ደቦ ነው። ሣጥኔ ውስጥ እያንዳንዳቸው የሲጋራ ፓኮ የሚያህሉ ሦስት ኮምፒውተሮች ተደራርበዋል። የላይኛው መሪ ነው፤ ሥራ ያከፋፍላል። ከሁለቱ አንዱ ቢታመም መሪው የሱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል። ሲያስረዱት እንዲህ ቀላል ነው። እኔም ሳስረዳው ጎበዝ ነኝ።

ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል የእትዬ አስካለ ግዛት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰምቼ የማላውቅ ሴት ናቸው። ድርጅቱ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ናቸው። አባታቸው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ ሰዓት አክባሪነቱን ከሳቸው ሳይወርሱ አልቀሩም። በየግማሽ ሰዓቱ ስድስቱንም ማሽን ይዞራሉ። በሩን ይከፍታሉ፤ አንድ እንቁላል ያነሣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የዓይናቸው ቆብ ላይ ያሳርፉታል፤ ይመልሱታል፤ ከዚያ ደብተራቸው ላይ የሙቀቱን ቁጥር ይጽፋሉ። ያን ቁጥር ከቴርሞሜትሩ ጋር አስተያይቼው አውቃለሁ። ልዩነት ሲገኝ የሚጠገነው ቴርሞሜትሩ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ምክር ነው። ለእትዬ አስካለ የሥራ ዕቅድ ነው፤ ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል።

እዚያ ክፍል እንዲሁ ዘው ተብሎ አይገባም። ከውጭ በሽታ እንዳይገባ ልብስ ይቀየራል፤ እጅ ይታጠባል፤ ቦት ጫማ ይጠለቃል፤ መድኃኒት ያለበት ገንዳ ውስጥ ቆሞ ጫማ ይነከራል። ሲወጡም እንደዚያው። ይህን ሁሉ አድርጌ ሣጥኔን ይዤ ገባሁ። ብሎን መፍቻ ረስቻለሁ። ወጣሁ፤ ተነከርኩ፤ ገባሁ። ኬብሉ አጠረ። ወጣሁ፤ ተነከርኩ፤ ገባሁ። የላፕቶፑ ቻርጀር ቢሮ ቀርቷል። በአምስተኛው ጊዜ እግሬ ከሕፃን እግር በላይ ንጹሕ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ «የሚያስፈልግህን ወረቀት ላይ ብትጽፈው ምን ይመስልሃል?»

ምክር የሚሰማ ሰው ነኝና ወጥቼ ጻፍኩ። ተነክሬ ስገባ ወረቀቱን ውጭ ረስቼዋለሁ።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ መጣ። ሣጥኑን አራተኛው ማሽን አናት ላይ ላስቀምጠው ስል «እዚያ ይሞቀዋል» አሉኝ። «እትዬ፣ ይሄ ሙቀት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው» አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያው ራሱ ሞቀኝ ብሎ ጻፈልኝ። አንሥቼ ከበሩ በላይ ሰቀልኩት። «እዚያ ጋ ግድግዳው በየቀኑ በጎማ ይታጠባል» አሉኝ። አወረድኩት። ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ክፍሉ መሐል ስቆም፣ እትዬ አስካለ ጥግ ላይ ወዳለው የራሳቸው መደርደሪያ ሄደው የዓመታት ደብተሮቻቸውን ወደ አንድ ወገን ገፉና «እዚህ ይሁን፤ ነፋሻ ነው» አሉኝ። ያችን መደርደሪያ ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ማሰብ የቻልኩት ሶኬት መቅረቡን ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም መብራቶች አረንጓዴ ሆኑ። አሥራ አንዱም ኮንቴይነር ተነሣ። አንዱ ሙቀት ያነባል፤ አንዱ እርጥበት ያነባል፤ አንዱ ይመዘግባል፤ አንዱ ደወል ይደውላል፤ ሌሎቹ ሌሎቹን ይጠብቃሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ሲል እንደዚያ ነው። ሴንሰሮቹን ከአሮጌው መስመር ነቅዬ ሁሉንም ወደ አዲሱ አዞርኳቸው። አሮጌውን ለጥቂት ቀን ጎን ለጎን ማቆየት ይቻል ነበር። ግን ያ ራሱን የማያምን ሰው ሥራ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ መዞር አያስፈልግዎትም» አልኳቸው በለጋስነት። «አረፍ ይበሉ። እሱ ያያል።»

«እሺ ልጄ» አሉና ዙራቸውን ቀጠሉ። በኛ አገር ከ«እምቢ» ይልቅ የጸናው እምቢታ «እሺ» ነው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሥራዬን ለማሳየት አቶ ጌታሁንንና ጋሽ ነስሩን ጋበዝኩ። ሁለቱም ተነክረው ገቡ። በማብራሪያ ጀመርኩ፤ ከዚያ ለማስደነቅ የታችኛውን ኮምፒውተር ገመድ ከሥሩ ነቀልኩት። ስክሪኑ ላይ ሥራው ሲንጠባጠብ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪው ሥራውን ለመካከለኛው አስረከበ፤ አሥራ አንዱም እንደገና ቆሙ።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ነስሩ። «አንዱ ሲቀር ጓደኛው ይሸፍንለታል። እንደዚህ ያለ የቀን ሠራተኛ ባገኝ ግቢውን በአንድ ቀን አስጸዳው ነበር።»

የታችኛውን መልሼ ሰካሁት፤ ደቦውን ተቀላቀለ። አቶ ጌታሁንም ፈገግ አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህ ወግ ባልኖረ ነበር። ግን አቶ ጌታሁን ጣታቸውን ወደ ላይኛው ቀሰሩ።

«ይሄኛውስ ቢነቀል?»

የላይኛው መሪው ነው። መሪው ራሱ ከወደቀ ሥራ የሚያከፋፍል አይኖርም። ይህን አውቃለሁ። አፌ ግን «ምንም አይሆንም» አለ፤ እጄም አፌን ተከትሎ ነቀለው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ቶሎ ብዬ መልሼ ሰካሁት። አሁን፣ እነዚህ ትናንሽ ኮምፒውተሮች አንድ ጠባይ አላቸው፤ በውስጣቸው የሰዓት ባትሪ ስለሌላቸው ሲጠፉ ቀኑን ይረሳሉ። ሲነሡ ሁለቱ መሪውን፣ መሪው ደግሞ ኢንተርኔትን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያን ዕለት ጠዋት ኢንተርኔት አልነበረም። መሪው ከእንቅልፉ ሲነሣ ያለፈ ቀን ይዞ ተነሣ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፤ ወዲያው ነቃሁበት። «ቀኑን በእጅ ላስገባለት ነው፤ አንድ ሰከንድ» አልኩ። ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያየኝ ግን እኔም እንደ መሣሪያዬ ቀኑን ረሳሁት። ቀና ስል አራተኛው ማሽን በር ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። እትዬ አስካለ በየማሽኑ በር ላይ የዕለቱን ቀንና እንቁላሎቹ ስንተኛ ቀናቸው እንደሆነ በየጠዋቱ ይጽፋሉ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ከካርዱ ላይ ቀዳሁ። አስገባሁ።

መሪው ተነሣ። ሁለቱን ጓደኞቹን አየ። አላውቃችሁም አላቸው።

አቶ ጌታሁን ጥቂት ከጠበቁ በኋላ «በል ስትጨርስ ጥራኝ» ብለው ወጡ። ደግነታቸው ነው ያሳመመኝ። ጋሽ ነስሩም አቃቂ በኩል የሚመጣ መኖ ሊቀበሉ ሄዱ። እኔ ከሣጥኔ ጋር ቀረሁ።

አጠፋሁት፤ አበራሁት፤ ያንኑ ቀን መልሼ አስገባሁለት። ኬብል ቀየርኩ። የተቀየረውን ኬብል መልሼ ቀየርኩ። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ «አጥፍተህ አብራው» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስሰጥ የኖርኩትን መድኃኒት ቀመስኩት፤ ይመራል። የሚወጣው መልእክት አንድ ነው፤ የጓደኞቹ የምስክር ወረቀት ዘመኑ ገና አልደረሰም ይላል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ሰው ራሱ ሲሳሳት የመጀመሪያ ተጠርጣሪው ዕቃ ነው።

ሰባት ሰዓት ገደማ ከኋላዬ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ።

«ልጄ፣ ና እስቲ ይሄን በር ያዝልኝ።»

«አንድ ደቂቃ፣ እትዬ።»

«አንድ ደቂቃ የለኝም።»

ዞር ስል አራተኛው ማሽን በር ላይ ቆመዋል፤ አንድ እንቁላል ዓይናቸው ላይ፣ ሌላው እጃቸው ማሽኑ ላይ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ተበጥሶ ሙቀቱ አንድ ቦታ ተከማችቷል። እዚያ ማሽን ውስጥ ያሉት እንቁላሎች አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። በአሥራ ዘጠነኛ ቀን እንቁላል እንቁላል አይባልም፤ ውስጡ የሚተነፍስ ፍጥረት አለ። ደወሉ አልጮኸም። አዲሱ ደወል መሪው ላይ ነበር፤ መሪው ጓደኞቹን እየካደ ነው። አሮጌውን ደወል ደግሞ እኔው በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ። እትዬ አስካለ አንድ ሁለት ዙር ዘለው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም «አረፍ ይበሉ» ያልኳቸውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሁሉ ጫጩቶች ቅርፊታቸው ውስጥ በስለው ነበር።

እትዬ አስካለ አልተደናገጡም። ማሞቂያውን አጠፉ። በሩን ምን ያህል ከፍቼ እንደምይዝ በመዳፋቸው ለክተው አሳዩኝ፤ ከዚያ በላይ ከተከፈተ ብርዱ ይጎዳቸዋል። ለብ ያለ ውሃ በመርጫ እንደ ጤዛ እያደረጉ በትሪዎቹ ላይ ነፉ። በየመሐሉ አንድ እንቁላል አንሥተው ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ይመልሳሉ፤ ሌላ ያነሣሉ። ጋሽ ነስሩ ተጠርተው ሮጡ፤ ቀበቶውንም ወዲያው ይዘው ተመለሱ።

«እንዴት ቶሎ አገኙት?» አልኳቸው።

«ላንተ ኮንቴይነር ቦታ ሳስለቅቅ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ከመኖ ጆንያ ሥር ጠፍቶ ነበር። ዓመት ሙሉ ስፈልገው።»

ቀበቶው ገባ። ማራገቢያው ዞረ። እትዬ አስካለ አንድ እንቁላል ጆሯቸው ሥር አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ከዚያ ለኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ ከውስጥ አንድ ትንሽ ኮሽታ መጣ፤ ሰው ግድግዳ ማዶ ሆኖ በጥፍሩ እንደሚቧጥጥ። «አለ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ጋዋናቸውን አስተካከሉ።

አንድ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጡና «በል አሁን ያንተን ታማሚ እንየው» አሉኝ። «ምንድን ነው የሚለው?»

አፈርኩ፤ ግን ነገርኳቸው። «ሦስቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት መታወቂያ እየተያዩ ነው፣ እትዬ። መሪው የጓደኞቹን መታወቂያ አይቶ ዘመኑ ገና አልደረሰም ይላል።»

«የወደፊት ነው ማለቱ ነው?»

«አዎ። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው እያለ ነው።»

ወደ ሣጥኑ ቀረብ አሉ። «እሱ ዛሬን መቼ ነው ብሎ ነው?»

ሦስት ሰዓት ሙሉ እኔም፣ ጓደኛዬም፣ ያገላበጥኩት መጽሐፍም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ። የስክሪኑን ጥግ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይሄን ቀን ከየት አመጣኸው?»

«ከካርዱ ላይ።»

ተነሥተው ካርዱን ከማሽኑ በር ላይ አወረዱና ገለበጡት። ጀርባው ላይ ሌላ ቀን ተጽፏል።

«ፊቱ ለኔ ነው» አሉ። «ጀርባው ለማሽኑ። እነዚህን ማሽኖች ፈረንጆቹ ሲያመጧቸው ከነዘመናቸው ነው ያመጧቸው።»

መሪዬን፣ ዓለም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር በሚነጋገርበት ጉዳይ ላይ፣ በኛ ዓመተ ምሕረት አስቀምጬዋለሁ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጦ፣ ከወደፊት የመጡ ጓደኞቹን መታወቂያ አልቀበልም ማለቱ ከሱ አንፃር ትክክል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ካርዱን በእጃቸው እያገላበጡ እንዲህ አሉኝ።

«እኔም አንድ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። አዲስ ሳለሁ ነው። ማሽኑ ላይ ያለውን ቀን የኛ መስሎኝ ቆጥሬ፣ ደርሰዋል ብዬ ሳምንት ቀድሜ ማሽኑን ከፍቼ ቅርፊት ሰበርኩ። ጫጩቶቹ ሲነኩ ለስላሳ ናቸው፣ ገና ላባ አላወጡም። ማንም አልተቆጣኝም፤ ያኔ አለቃ የነበሩት ሰውዬ ዝም ብለው በሩን ዘጉት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለቱም ገጽ እጽፋለሁ።» ካርዱን መልሰው ሰቀሉት። «አንተ ደህና ቀን ነው የተሳሳትከው። ማንም አልሞተብህም።»

ቀኑን አስተካከልኩ። ሥራው አንድ መስመር ነበር። መሪው ጓደኞቹን አየ፤ አወቃቸው፤ አሥራ አንዱ ኮንቴይነር አንድ በአንድ ተነሣ። በሁለተኛው ቀን አራተኛው ማሽን ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ቅርፊታቸውን ሰብረው ወጡ፤ ክፍሉ ሁሉ በጩኸታቸው ተሞላ። እትዬ አስካለ ደብተራቸው ላይ ብዛታቸውን ጽፈው ዘጉት።

በሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት እየቻልኩ እንደገና እጄን አወጣሁ። ይህን ጊዜ ግን የሆነውን ከነስሕተቴ ተናገርኩ፤ ሴንሰሩን መንቀሌን፣ የዘመኑን ነገር፣ ማን እንዳዳነን። አቶ ጌታሁን ጽፈው ጨረሱና «እትዬ አስካለ ምን ይላሉ? ይነሣ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ነስሩ «ይቆይ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ እትዬ አስካለ ግን ቀደሟቸው።

«ሃያ አንድ ቀን ይሰጠው» አሉ። «እኔም እጽፋለሁ፤ እሱም ይጻፍ።»

የሆነውም ይኸው ነው። ለሦስቱም የሰዓት ባትሪ ገጠምኩላቸው። ሦስቱም መሪ መሆን እንዲችሉ አደረግኋቸው። አሮጌውን መስመር መልሼ ቀጠልኩ። እሳቸው በየግማሽ ሰዓቱ ይዞራሉ፤ ደብተራቸውን ከስክሪኑ ጋር ያስተያያሉ፤ ልዩነት ሲያዩ ይጠሩኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ጊዜ ተጠራሁ። ትክክል የነበሩት አሥሩንም ጊዜ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሴንሰሮች የተሳሳተ ቦታ ተሰቅለው ነበር፤ አንዱ በር አጠገብ ሆኖ ነፋስ ይመታዋል፤ አንዱ ገመዱ ላልቷል። በሦስተኛው ሳምንት አንድም ጊዜ አልተጠራሁም። እንዲያውም ናፈቀኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መደርደሪያው ጋ ሳለሁ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የመጨረሻዋ ልጄ በመጪው ቅዳሜ ሐዋሳ ትመረቃለች» አሉኝ። «እንቁላሎቹ ሃያኛ ቀናቸው ነው የሚሆነው።» እዚያ ድርጅት ውስጥ በሥራ ዘመናቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት አንድም ጊዜ ቀርተው እንደማያውቁ ሁላችንም እናውቃለን። የትልቁ ልጃቸው ሠርግ ዕለት እንኳ ከምሳ ተነሥተው ማሽን አይተው ተመልሰዋል። «ይሄ ነገር ይጠብቅልኛል?»

በፊት ቢሆን ኖሮ ከጥያቄው በፊት መልሱን እሰጥ ነበር። «እስካሁን ጥሩ ነው፣ እትዬ። ግን እኔ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። «እኔም ከአጠገቡ አልለይም።»

«እርግጠኛ ነኝ ብትለኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አሉና የቅዳሜን ካርዶች በሁለቱም ገጽ ጽፈው አስረከቡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነክሬ ገባሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ዞርኩ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለዋል፤ አረንጓዴ ናቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። እትዬ አስካለ ናቸው። ከኋላቸው እልልታና ጭብጨባ ይሰማል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። እንዴት ናቸው?»

«ሙቀቱ ልክ ነው፤ እርጥበቱም ልክ ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሥቼ ልላክልዎት?»

«አይ፣ ተወው። ስልኩን ይዘህ በማሽኖቹ ፊት እለፍልኝ። ቀስ ብለህ።»

ስልኩን በክንዴ ልክ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ማሽን ጀምሬ አለፍኩ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው። ከወዲያ ማዶ ድምፅ የለም። እልልታውም ርቋል፤ ከሰው መሐል ወጥተው መሄዳቸው ነው። ጥሪው የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ሦስተኛው» አሉኝ። «በሩ በደንብ አልገጠመም። ያፏጫል። ግፋው።»

ሄጄ አየሁት። ዝግ ነው። ለወጉ ያህል በትከሻዬ ገፋ አደረግሁት፤ ቀጭ ብሎ ገጠመ።

«አሁን ልክ ነው» አሉ ከሐዋሳ። «ሂድ ምሳህን ብላ።»

ተነክሬ ወጣሁና በላሁ።